የታመመ ጀርባና የሰውነት ማጠንከሪያ፤ ስለ ሃይደልበርግ ጥናት የቀረበ ሒስ

«ጀርባው የታመመ ሰው ከአልጋው አይነሣ» የሚለው ምክር በሀገራችን ብቻ ሳይሆን በሰፊው ዓለም እንደ ሕግ ሲቈጠር የኖረ ምክር ነው። ምክሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነቀርሳ፣ ዛሬ በተለምዶ ካንሰር የምንለው በሽታ፣ ከጡት ወይም ከፕሮስቴት ወይም ከሳምባ ተነሥቶ ወደ አከርካሪ አጥንት በተዛመተ ጊዜ፣ ምስጥ የቤትን ምሰሶ እንደሚበላ አጥንቱን ከውስጥ ይበላዋል። የተበላው አጥንት ድንገት ቢደቅ በውስጡ የሚያልፈውን ሕብለ ሰረሰር ይጫነዋል፤ ሕብለ ሰረሰሩ የተጫነበት ሰውም እግሩ ሊሰንፍ፣ ሽንቱንና ዐይነ ምድሩን መቈጣጠር ሊሳነው ይችላል። ይህን አደጋ ያየ ሐኪም በሽተኛውን «ተኛ፤ አትንቀሳቀስ» ቢለው ልንፈርድበት አንችልም።

ይሁን እንጂ መተኛትም ዋጋ ያስከፍላል። ለሳምንታት የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ደሙ በእግሩ ሥሮች ውስጥ ይረጋል፤ ሳምባው አክታን ማውጣት ይደክመዋል፤ ቈዳው ይቈስላል። ጀርባን ደግፎ የሚይዘው አጥንት ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ስለ ሆነ፣ ጡንቻው በሰለለ ቍጥር በታመመው አጥንት ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ስለዚህ «ተኛ» የሚለው ምክር ሊያድን ያሰበውን አጥንት ይብሱን ሊጐዳው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህን አሮጌ ምክር የተጋፈጠ አንድ ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው በጀርመን ሀገር በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በሐኪሙ በሃራልድ ሪፍና በባልደረቦቹ የተመራ ነው። ዓላማችን ጥናቱን ማመስገን ወይም መንቀፍ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር በሽተኛ ከዚህ ጥናት ምን ሊያገኝ፣ በምን ሊጐዳ እንደሚችል መጠየቅ ነው። ዘመኖቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ጥናቱ ምን አደረገ?

የሃይደልበርግ ሰዎች ከ2011 እስከ 2013 ድረስ ነቀርሳ ወደ አከርካሪያቸው የተዛመተባቸውን 60 በሽተኞች መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ሁለቱም ወገኖች ለጀርባቸው የጨረር ሕክምና ይቀበሉ ነበር። 30ዎቹ ከጨረሩ ጋራ በየሥራው ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል በባለሙያ እየተመሩ የጀርባቸውን ጡንቻ ያጠነክሩ ነበር። የቀሩት 30ዎቹ ደግሞ የመተንፈስ ልምምድን የመሰለ ቀላል እንክብካቤ ይደረግላቸው ነበር። ጨረሩ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ልምምዱን በቤታቸው እየቀጠሉ ለ6 ወር ያህል ተከታትለዋቸዋል።

ልምምዱ «አይሶሜትሪክ» የሚባለው ዐይነት ነው። ይህም ማለት መገጣጠሚያን ሳያጥፉና ሳይዘረጉ ጡንቻን አጥብቆ ለጥቂት ጊዜ መያዝ ነው። በነፋስ የሚገፋን በር በትከሻው ደግፎ የቆመ ሰው ከስፍራው ሳይነቃነቅ ጡንቻው እንደሚሠራ፣ እነዚህም በሽተኞች ጀርባቸውን ሳያጐብጡና ሳይጠመዝዙ የአከርካሪያቸውን ግራና ቀኝ ጡንቻ ያሠሩት ነበር።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ከ30ዎቹ ሠልጣኞች 25ቱ ልምምዱን ፈጸሙ። ከወንበር ተነሥቶ መልሶ የመቀመጥ ችሎታቸው ተሻሻለ። በ3ኛውና በ6ኛው ወር ሕመማቸው ከማነጻጸሪያው ወገን ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። በሲቲ ስካን ሲታይም የተጐዳው አጥንታቸው እፍጋት ከሌሎቹ ይልቅ ጨምሮ ተገኘ።

ጥናቱን የምናመሰግንበት

ከሁሉ አስቀድሞ የጥናቱን ድፍረት እናደንቃለን። ይህም ድፍረት ከጥንቃቄ ጋራ የተጋባ ነው። ከእርሱ በፊት ነቀርሳ አጥንት የደረሰበትን ሰው ከማናቸውም የእንቅስቃሴ ጥናት ማስወጣት የተለመደ ነበር፤ ፍርሃቱ ማስረጃ እንዳይፈልግ አድርጎ ራሱን በራሱ ያጸና ነበር። ማንም ስለማይሞክር ማንም አያውቅም፤ ማንም ስለማያውቅ ማንም አይሞክርም። የሃይደልበርግ ሰዎች ይህን ክብ ሰብረውታል።

በ2013 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናትም ወደ አጥንት የተዛመተ የፕሮስቴት ነቀርሳ ያለባቸውን 20 ወንዶች በሌላ መንገድ አሠልጥኗል፤ የታመመውን አጥንት ትተው የቀረውን ሰውነት አጠንክረዋል። ሁለቱን ስናስተያያቸው የሃይደልበርጉ መንገድ ይበልጥ ደፋር ሆኖ እናገኘዋለን፤ ከታመመው ስፍራ አልሸሸምና። በ2022 በዚህ ጕዳይ ላይ የሠሩ የብዙ ሀገር ሊቃውንት ተሰብስበው ባወጡት ምክርም፣ የእንቅስቃሴን አደጋ ያለ መንቀሳቀስ ከሚያመጣው አደጋ ጋራ እያመዛዘኑ መፍረድ እንደሚገባ ተስማምተዋል። ስለዚህ «እንቅስቃሴ ፈጽሞ ክልክል ነው» የሚለው ቃል ዛሬ በሳይንስ የሚደገፍ ቃል አይደለም።

ጥናቱን የምንነቅፍበት

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንግባ። አንደኛ፣ ስድሳ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ያሉት በአንድ ሐኪም ቤት ነው። እንዲህ ያለ ጥናት «ይቻላል» ለማለት ይበቃል፤ «ለሁሉም ይጠቅማል» ለማለት ግን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ሠልጣኙ እየሠለጠነ መሆኑን ያውቃል፤ በየቀኑ የሚያበረታታው ባለሙያ አለው። ሕመም ደግሞ ራሱ በሽተኛው የሚናገረው ስለ ሆነ፣ ከቀነሰው ሕመም ምን ያህሉ በጡንቻው፣ ምን ያህሉ በማበረታቻው እንደ መጣ ለመለየት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ነቀፌታችን ስለ አጥንት እፍጋት ነው። አጥንት ከጨረር በኋላ በወራት ውስጥ በራሱ መልሶ ሊጠነክር እንደሚችል የታወቀ ነው። በሥዕል ላይ የነጣ አጥንትም ሁልጊዜ የዳነ አጥንት አይደለም፤ በተለይ የፕሮስቴት ነቀርሳ ራሱ አጥንትን ያነጣል። ከዚህም በላይ በሽተኛ ከሐኪም ዘንድ የሚሄደው አጥንቱ በሥዕል እንዲነጣለት ብሎ አይደለም። ሊነሣ፣ ሊቀመጥ፣ ደጅ ሊወጣ ፈልጎ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከጥናቱ ውጤቶች ሁሉ የሚበልጠው ያ ቀላል የሚመስለው የወንበር ፈተና ነው። አንባቢዎች ግን ቍጥሩና ሥዕሉ ስለሚማርካቸው ከወንበሩ ይልቅ እፍጋቱን ሲያነሡ እንሰማለን።

አራተኛውና ዋናው ግን ስለ ጥናቱ ሳይሆን ስለ አነባበቡ ነው። 60ዎቹ ሰዎች እንዲያው የተገኙ በሽተኞች አይደሉም። አከርካሪያቸው በሥዕል ተመርምሮ «የጸና ነው» የተባለላቸው፣ ራሳቸውን ለመርዳት አቅም ያላቸው፣ አጥንትን የሚያጠነክር መድኃኒትም የጀመሩ ናቸው። አከርካሪው ያልጸና ሰው ከበሩ ተመልሷል። እንግዲህ የጥናቱ ልብ ልምምዱ አይደለም፤ ምርጫው ነው። ጥናቱን በአጭሩ የሚጠቅስ ሰው «ነቀርሳ ጀርባው የደረሰበት ሰው ስፖርት ቢሠራ ይጠቅመዋል» ይላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በዚህ በሽታ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

የጸናውንና ያልጸናውን አከርካሪ ለመለየት ሊቃውንት በ2010 አንድ መለኪያ አውጥተዋል። መለኪያው ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ በሽታው የደረሰበትን ስፍራ፣ ሕመሙ በእንቅስቃሴ የሚነሣ መሆኑን፣ አጥንቱ የተበላ ወይም የጠጠረ መሆኑን፣ የአከርካሪውን መስመር መጣመም፣ የአጥንቱን መድቀቅና የኋለኛውን ክፍል መጐዳት። ድምሩ ከ0 እስከ 6 ከሆነ የጸና፣ ከ7 እስከ 12 ከሆነ የሚያጠራጥር፣ ከ13 እስከ 18 ከሆነ ያልጸና ይባላል። ያልጸናው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሊያየው ይገባል እንጂ የልምምድ ሥራ አይሰጠውም። የሃይደልበርግ ሰዎች ራሳቸው ከዚህ በኋላ ላልጸናው የሚሆን ሌላ ጥንቃቄ ያለበት ጥናት ለብቻው ማቀዳቸው፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት እንደማይገባ ማስረጃ ይሆነናል።

ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ስንመለስ

ሦስቱ ከተሞች ከመሐል አዲስ አበባ ከ30 ኪሎ ሜትር የማይርቁ ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋራ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ነዋሪው ከፊሉ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ገበሬ፣ ከፊሉ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከፊሉም የቤት ኪራይ ከአዲስ አበባ ያስወጣው ሰው ነው። ብዙው ሰው አፋን ኦሮሞ ይናገራል።

ለእነዚህ ሰዎች የጨረር ሕክምና ማለት ለብዙ ጊዜ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማለት ነበር። በዚያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 ሲሆን፣ ከሃያ ዓመት በላይ ለሀገሩ ሁሉ ብቸኛው የመንግሥት ማዕከል ሆኖ ቈይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማም ሥራው ተጀምሯል። በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየው በሴቶች ዘንድ በብዛት የሚገኘው የጡት ነቀርሳ ነው። የጡት ነቀርሳ ደግሞ ወደ አጥንት ለመዛመት ከሚቀናቸው አንዱ ነው። ስለዚህ የምንናገርለት በሽተኛ በአብዛኛው ሴት ናት፤ ይህችም ሴት የቤት ሥራ የሚጠብቃት እናት ናት።

እዚህ ላይ የሃይደልበርግ ጥናት ከእኛ ኑሮ ጋራ የሚጋጭበትን አንድ ትልቅ ነጥብ እናነሣለን። ጥናቱ ልምምዱን የተከለው በጨረሩ ቀናት ላይ ነው። በሃይደልበርግ የተለመደው ጨረር በ10 ቀን ተከፋፍሎ፣ በየቀኑ 3 ግሬይ እየተሰጠ፣ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ነው። በእነዚህ ሁለት ሳምንቶች በሽተኛው ከባለሙያው ጋራ በየቀኑ ስለሚገናኝ ልምምዱን ይማራል። አሁን ይህን ወደ ሱሉልታ እንውሰደው። የሱሉልታ በሽተኛ እንጦጦን ተሻግራ በአዲሱ ገበያ በኩል፣ የቡራዩዋ በአስኮ በኩል፣ የሰበታዋ በዓለም ገናና በአየር ጤና በኩል፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ እየለዋወጠች ትመጣለች። 10 ቀን ማለት 20 ጕዞ ነው። በእያንዳንዱም ጕዞ ሚኒባሱ ጕድጓድ በገባና የመንገድ ጕብታ በዘለለ ቍጥር የታመመው አጥንት ይመታል። ከሚኒባሱ ወርዳ እስከ ቤቷ በባጃጅ ስትሄድ ደግሞ ከዚያ የባሰ ይሆናል።

በሌላ በኩል ግን ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው እንዳረጋገጡት፣ ለአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ ጨረር ብዙ ቀን ከሚሰጠው ጋራ እኩል ሕመም ያስታግሣል፤ በሁለቱም መንገድ ከመቶው 60 ያህሉ በሽተኞች ይታገሥላቸዋል። ልዩነቱ በኋላ ጨረሩን መድገም ያስፈለጋቸው ሰዎች መብዛታቸው ነው፤ አንድ ጊዜ ከተቀበሉት ከመቶው 20፣ ብዙ ቀን ከተቀበሉት ከመቶው 8 ያህሉ ናቸው። መኪናው ጥቂት፣ ወረፋው ረዥም፣ መንገዱም ሩቅ በሆነበት ሀገር ሕመሟን ለማስታገሥ ብቻ ለመጣች በሽተኛ አንዱ ቀን ብዙ ጊዜ የሚሻል ፍርድ ነው። እንግዲህ ለበሽተኛዋ የሚሻለውን ስንመርጥ የሃይደልበርግ ትምህርት ቤት ይፈርሳል። ሁለቱ ሳምንት የለም፤ ያለው አንድ ቀን ነው። የልምምዱ ትምህርት በዚያ አንድ ቀን ካልተሰጠ፣ በቤትም ተከታታይ ካልተገኘለት፣ ጥናቱ ለእኛ የወረቀት ሀብት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በቤት ውስጥ ያለው ያልተቈጠረ ልምምድ

ሁለተኛው ግጭት ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። ጥናቱ የሚያነጻጽረው የሚሠለጥነውን ከማይሠለጥነው ጋራ ነው። በእነዚህ ከተሞች ግን «የማይንቀሳቀስ» የሚባል በሽተኛ እምብዛም የለም። ወይም ፈጽማ ተኝታለች፤ ወይም ከሚገባት በላይ ትሠራለች።

ስለ መጀመሪያይቱ የምንናገረው ከሩቅ ሰምተን አይደለም። የአንዳችን አክስት በሱሉልታ ነበረች። የጡት ነቀርሳዋ ጀርባዋ ደርሶ ጨረር ከተቀበለች በኋላ የተሰጣት ምክር «ከባድ አታንሺ፤ ዕረፊ» የሚል ብቻ ነበር። አከርካሪዋ የጸና ይሁን ያልጸና የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ቤተ ዘመድና ጎረቤት ምክሩን ከፍቅር የተነሣ አጸኑት። ልትነሣ ስትሞክር «እባክሽ እትዬ፣ እኛ እያለን! ተኚ» እየተባለች መልሳ ትተኛ ነበር። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ጀርባዋ ሳይሆን እግሯ አልሸከም አላት። ዛሬ በሕይወት የለችም። የመጨረሻ ወራቷን ደጅ ወጥታ ፀሐይ ልትሞቅ፣ ለቡና ከሴቶቹ ጋራ ልትቀመጥ ትችል እንደ ነበር ስናስብ እናዝናለን። ይህ የአንድ ሰው ነገር ስለ ሆነ ማስረጃ ነው አንልም። ጥያቄውን እንድናነሣ ያደረገን ግን እርሱ ነው።

ሁለተኛይቱ በሽተኛ ደግሞ የሚተካት የላት ናት። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከቦኖ ታነሣለች፤ ይህ 20 ኪሎ ማለት ነው። ጐንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች፤ ከመሬት ከፍ ባላለ ምድጃ ላይ እንጀራ ትጋግራለች፤ ጀርባዋን አጥፋ ቤት ትጠርጋለች፤ ሕፃን አንሥታ ታዝላለች። በእንጦጦ ቍልቍለት ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሊቃውንቱ ነቀርሳ ላለበት አከርካሪ ከሁሉ የሚፈሩት ጀርባን አጐንብሶ ወይም ጠምዝዞ ሸክም ማንሣት ነው። እርሷ ግን ይህንኑ በየቀኑ ያለ ባለሙያ፣ ያለ ዕረፍት ትሠራለች። ስለ ሆነም ለእርሷ ጥያቄው «እንቅስቃሴ ወይስ ዕረፍት?» አይደለም። ጥያቄው «የትኛው እንቅስቃሴ?» የሚል ነው።

በዚህ ላይ ስግደትን እንጨምራለን። በዐቢይ ጾም ወራት በየቀኑ ብዙ ጊዜ የምትሰግድ እናት፣ እንዲሁም በየዕለቱ አምስት ጊዜ ሶላት የምትሰግድ እናት፣ ጀርባዋን ደጋግማ ታጥፋለች። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ይራራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከስግደት ትፈታለች፤ እስልምናም ተቀምጦ መስገድን ይፈቅዳል። ሆኖም ሐኪሙ ካልተናገረ የንስሐ አባቱም ሆነ ሼኩ የሚያውቁበት መንገድ የለም፤ እናቲቱም በገዛ ፈቃዷ አትተወውም። እንዲህ ያለው ነገር በሃይደልበርግ መጠይቅ ላይ ስፍራ የለውም፤ በእኛ ዘንድ ግን ሊዘለል አይችልም።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ የሚያስገርም ነገር ያሳየናል። ሱሉልታ ከፍታዋ ከ2500 ሜትር በላይ በመሆኑ ስመ ጥር ሯጮቻችን በማለዳ የሚለማመዱባት ሜዳ ናት። ሯጩ ምን ያህል መሮጥ፣ መቼ ማረፍ፣ የትኛውን ጡንቻ ማጠንከር እንዳለበት የሚነግረው አሠልጣኝ አለው። ከዚያው ሜዳ አጠገብ ባለው ቤት የተኛችው በሽተኛ ግን ስለ ራሷ ጀርባ የተነገራት «ዕረፊ» የሚል አንድ ቃል ነው። ከሁለቱ ይበልጥ አሠልጣኝ የሚያስፈልገው ለማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የምናቀርበው ሐሳብ

መንቀፍ ብቻ የተማሪ ልማድ ነው እንዳንባል፣ ዐቅማችን የፈቀደውን ሐሳብ እናቀርባለን። ሐሳባችን አዲስ መኪና ወይም አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ አይደለም።

የመጀመሪያው፣ በጨረር ሕክምና ክፍል በእያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ ላይ ስለ አከርካሪው አንድ ቃል ይጻፍ፤ «የጸና»፣ «የሚያጠራጥር» ወይም «ያልጸና»። ጨረሩን የሚያቅደው ሐኪም የታመመውን አጥንት በሥዕል ሳያይ ጨረሩን ወዴት እንደሚያነጣጥር አያውቅምና፣ አስቀድሞ ያየውን በአንድ ቃል መጻፍ ከደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ሥዕሉ ለፍርድ የማይበቃ ከሆነም «የሚያጠራጥር» ብሎ መጻፍ ከዝምታ ይሻላል። ይህ ቃል ከሌለ የሰበታ ጤና ጣቢያ ነርስ ምንም ያህል ብትተጋ ልትመክር አትችልም፤ በጨለማ ትመክራለችና።

ሁለተኛው፣ «የጸና» ለተባለላት በሽተኛ በዚያው በጨረሩ ቀን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋራ ግማሽ ሰዓት ይሰጣት። እንደ ጎንደር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሠለጠኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉን፤ ቍጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ለአንድ ቀን ትምህርት ይበቃሉ። የሚማሩት ነገር ጥቂት ይሁን፤ ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ጀርባን አቅንቶ መነሣትና መቀመጥ፣ ሳይጐነበሱ የጀርባንና የሆድን ጡንቻ አጥብቆ መያዝ፣ በየቀኑ በደልዳላ ስፍራ መራመድ። አብራት የመጣችው ልጇ ወይም እኅቷም አብራ ትማር፤ በቤት የምትከታተለው እርሷ ናትና።

ሦስተኛው፣ ይኸው በሥዕል ተደግፎ በአንድ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍላቸው። በገጹ ላይ የሚሠራው ብቻ ሳይሆን የማይሠራውም ይዘርዘር፤ ጀሪካን ማንሣት፣ ማዘል፣ ጐንበስ ብሎ ማጠብ፣ ስግደት። ለሁሉም መተኪያው ይነገር፤ ውኃው በጆግ እየተቀዳ ይምጣ፤ ምጣዱ ከፍ ይበል፤ ጸሎቱ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ስትጐበኝ ይህንኑ ገጽ ይዛ ትጠይቅ።

አራተኛው፣ ከገጹ ራስጌ የአደጋው ምልክቶች በትልቁ ይጻፉ። እግር መስነፍ ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ማምለጥ፣ በእግሮች መካከል ያለው ገላ መደንዘዝ፣ ድንገት የባሰ የጀርባ ሕመም ሲታይ ልምምዱ ይቁም፤ በሽተኛዋም ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ። ሕብለ ሰረሰር ከተጫነ በኋላ የሚያልፍ እያንዳንዱ ሰዓት እግርን ይወስዳል። መራመድ ሳትችል የመጣች በሽተኛ ከሕክምና በኋላ መልሳ የመራመድ ተስፋዋ፣ እየተራመደች ከመጣችው ይልቅ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለ ተቃውሞ

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ይሉን ይሆናል፤ «ሞርፊን በሚቸግርበት፣ ለጨረር ወራት በሚጠበቅበት ሀገር ስለ ጡንቻ ማጠንከር ማውራት ቅንጦት ነው።» ይህ ተቃውሞ ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ እናከብረዋለን፤ ነገር ግን አንቀበለውም። መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ የጨረሩ መኪና ሲሰበር መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ይመጣል። ከወንበር መነሣትን መማር ግን ከየትም አይገዛም። ከውድ ነገሮች ሁሉ የምትጐድል ሀገር ርካሹን ነገር ልትንቅ አይገባትም። በሌላ በኩል ደግሞ ልምምዱ የሞርፊን ምትክ ነው የሚል ካለ እርሱንም እንቃወማለን፤ ሕመሙ ያልታገሠለት ሰው ሊለማመድ አይችልምና።

ሌሎች ደግሞ «አንድ ሰው በስሕተት ተመርጦ አጥንቱ ቢደቅስ?» ይላሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ዛሬ ያለ ምርጫ ሁሉም በጀሪካንና በሚኒባስ እየተፈተነ መሆኑን አንርሳ። መምረጥን የምንጠይቀው አደጋ ለመጨመር አይደለም፤ ያለውን አደጋ ዐይን እንዲያየው ነው።

ማጠቃለያ

የሃይደልበርግ ጥናት አንድ በር ከፍቷል፤ ያም በር ጠባብ ነው። በእርሱ የሚገባው አከርካሪው የጸና፣ የተመረጠና የተማረ በሽተኛ ብቻ ነው። ጥናቱን ያላነበቡ ሰዎች በሩ እንደ ተዘጋ ያስባሉ፤ በጥድፊያ ያነበቡት ደግሞ ለሁሉም የተከፈተ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ በሽተኞች ከጥናቱ የምንወስደው ትልቁ ትምህርት «ተንቀሳቀሱ» የሚል አይደለም፤ «መጀመሪያ ለዩ፤ ከዚያ አስተምሩ» የሚል ነው።

ይህን ያቀረብነው ሐኪሞቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ከአንድ ቀን ወረፋ መካከል ለአንድ በሽተኛ የሚተርፋቸው ጊዜ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ እናውቃለን። የምንለምናቸው በካርዱ ላይ የሚጻፈውን ያን አንድ ቃል ነው። ከእኛ በኋላ በዚህ ጕዳይ ላይ ሊያጠና የሚነሣ ተማሪ ካለም፣ የአጥንትን እፍጋት ለመለካት ከመድከሙ በፊት ወደ ሦስቱ ከተሞች ወርዶ አንድ ነገር እንዲቈጥር እንመክረዋለን፤ ከጨረር በኋላ ባለው ሦስተኛ ወር ስንቶቹ በሽተኞች በገዛ እግራቸው ከወንበር ተነሥተው ደጅ ይወጣሉ?